ቱርቦዬና የእትዬ አስካለ ስለት

ሰው ሲታመም ጎረቤት ይጠይቀዋል፤ መኪና ስትታመም ግን ጎረቤት ያክማታል። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። አምና ወገቤን ይዞኝ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ስውል፣ የመጣው ሁሉ ከጎኔ ተቀምጦ «አላህ ያሽርህ» ብሎኝ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ ሄደ። ብርድ ልብሴን ገለጥ አድርጎ «እስቲ ወገብህን ልየው» ያለ አንድም ሰው የለም። መኪናዬ የታመመች ጊዜ ግን ሳልጠራቸው ኮፈኗን የከፈቱት፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው የሰደዱት፣ ጣታቸውን አሽትተው በሐዘን ራሳቸውን የነቀነቁት ሰዎች በሰርጌ ቀን ከመጡት ይበልጣሉ።

ምክንያቱን ብዙ አስቤበታለሁ። የሰው ሐኪም ለመሆን ስንትና ስንት ዓመት መማር ይጠይቃል። የመኪና ሐኪም ለመሆን ግን አንድ ጊዜ በመኪና መሄድ ይበቃል፤ ያውም ከኋላ ወንበር። እናንተስ ብትሆኑ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ መንገድ ዳር ኮፈኑ የተከፈተ መኪና አይታችሁ ዝም ብላችሁ አልፋችሁ ታውቃላችሁ? አፋችሁ ዝም ቢል እንኳን ልባችሁ «ባትሪ ነው» ብሏል።

እኔ ሐይቅ ከተማ የምኖር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ስሜ ሰይድ ነው። መኪናዬ ደግሞ ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ የናፍጣ መኪና ናት። የባለቤቴ የዘሃራ ወንድም ከሳዑዲ ሲመለስ ገዝቷት፣ ሁለት ዓመት ነድቷት፣ ተመልሶ ሲሄድ ለኔ አስተላለፋት። ሊብሬዋ ላይ ቀለሟ ሰማያዊ ነው ይላል። አሁን ሰማያዊነቷ ትዝ የሚላት ዝናብ ሲመታት ብቻ ነው። ቢሆንም የዘሃራ ቤተሰቦች ውጫሌ ስለሆኑ፣ በየሳምንቱ የአምባሰልን ዳገት እየወጣች እየወረደች ዓመታት አገልግላናለች።

በሽታዋ የጀመራት ሐምሌ ላይ ነው። የጀመራትም በፉጨት ነው። ዳገት ስንጀምር ከኮፈኗ ሥር ቀጭን ፉጨት ይነሳል፤ ነዳጅ ስሰጣት እየቀጠነ ይወጣል፣ እግሬን ሳነሳ እያዘነ ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ማፏጨት እምቢ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ከቤታችን አንድ የሚያፏጭ ተገኘ አልኩ። አንድ ቀን ማሲንቆ የሚሞክሩ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን አሳፍሬ ስንሄድ አንደኛው ጆሮውን ቀስሮ «ይሄ እኮ የአምባሰል ቅኝት ነው» አለ። ሌላኛው «ባቲ ነው እንጂ፣ ጆሮህን ታጠብ» አለው። ከመኪናዬ ወርደው የመምህራን ማረፊያ እስኪገቡ፣ ከዚያም የሻይ ሰዓት እስኪያልቅ ተከራከሩ። «ይህች መኪና ታማለች» ያለ ግን የለም። ሙዚቀኛ አጠገብ መታመም ጥሩ አይደለም።

ከፉጨቱ ቀጥሎ ጭሱ መጣ፤ አንዴ ጥቁር፣ አንዴ ሰማያዊ። ጉልበቷም ይከዳት ጀመር። ይሄኔ ሐኪሞቼ ተሰበሰቡ። ፀጉር አስተካካዬ መቀሱን ጆሮዬ ላይ አቁሞ «የሞተሯ ቀበቶ፣ ቺንጋዋ ነው የሚያፏጨው፣ ለውጠው» አለኝ፤ ለወጥኩት። ባጃጅ ነጂው ጎረቤታችን «የናፍጣ ፊልትሮ ነው» አለ፤ ለወጥኩ። ዓሣ የሚሸጥልኝ ሰው ከመረቡ ቀና ሳይል «ናፍጣው ውሃ ገብቶበታል» አለኝ። ስለ ውሃ ከሱ የተሻለ ማን ያውቃል ብዬ ታንከሩን አስጠረግሁ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ደግሞ ሁለት ጊዜ አዳመጣትና «ሳይነስ ነው የሚመስለኝ» አለ። እሱ እንኳን እየቀለደብኝ ነበር። ከእያንዳንዱ ሕክምና በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ተሽሏት የዋለች ይመስለኛል። የሚሻለው ግን እኔን ነበር።

አፌ ጣጣ ያመጣብኝ በዚሁ መሃል ነው።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ትዕግስት ትባላለች። ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ከርማ፣ ድንገት ድምፅዋ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ እህል አይወርድላቸውም፤ ዘሃራ እየሄደች በግድ ነበር የምታጎርሳቸው። ለግሸን ማርያም ተሳሉ፤ ልጄን በዓይኔ ካሳየሽኝ፣ ለመስከረም በዓልሽ ልጄን ይዤ ተራራሽ ላይ ወጥቼ አመሰግንሻለሁ አሉ። ትዕግስት ነሐሴ ላይ አንድ ሻንጣ ይዛ፣ ቀጥና፣ ግን በሕይወቷ መጣች። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ፣ ሰው ሲረጋጋ እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን እያሹ «ስለቴን እንዴት ነው የማደርሰው? ይሄ ጉልበት እንኳን ግሸን ገበያም አያደርሰኝ፤ የአውቶብሱ ግፊያም አለ» አሉ።

እኔ ጠግቤ ነበር። የጠገበ ሰው ደግሞ ቃሉ ይረክሳል። «እኔ ሰይድ እያለሁ?» አልኩ፣ እዚያው ሰው ሁሉ ፊት። «በመኪናዬ እስከ ተራራው ሥር አደርስዎታለሁ።»

ዘሃራ ከሳህኖቹ መሃል ቀና ብላ አየችኝ። ሃያ ዓመት አብራችሁ የኖረች ሴት አስተያየት ረጅም ደብዳቤ ነው፤ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «የትኛዋ መኪና?» ይላል። ግን ረፍዷል፤ እትዬ አስካለ ተነስተው መርቀውኛል፣ ቤቱ ሙሉ «አሜን» እና «አሚን» ብሏል።

መስከረም ገባ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አስካለ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና «ውጫሌ ደርሰን እንመለስ፤ ይሄ ጉልበቴም መቀመጡን ይልመደው» አሉኝ። መኪናዋን መጠራጠራቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ሰው ላለማስቀየም ሲሉ ጉልበታቸውን አሳበቡ እንጂ። ሜዳው ላይ ሸጋ አድርጋ ሄደችልን። ዳገቱ ሲጀምር ፉጨቱ ተነሳ። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ አንደኛ ማርሽ። ከአንደኛ በታች ማርሽ ቢኖር እሱንም አስገባ ነበር። ጭሱ ከኋላዬ መንገዱን ዘጋው። ከኋላዬ የነበረ የጭነት መኪና ጭሱ ውስጥ ጠፍቶ ቆየና ብቅ ብሎ ሲያልፈኝ፣ ሹፌሩ በመስኮት አየኝ። ምንም አላለም። ቢሳደብ ይሻል ነበር።

ከዚያ እህል የጫኑ ሁለት አህዮች አለፉን። ባለቤታቸው ጨዋ ሰው ነው፤ «አሰላሙ አለይኩም» አለኝ። «ወአለይኩሙ ሰላም» አልኩት። ስለ ቤተሰብ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ስለ ክረምቱ አወራን። ሰላምታችንን ጨርሰን ነው ቀድሞን የሄደው።

«ሰይዴ» አሉኝ እትዬ አስካለ በዝግታ፣ «እኔ ልውረድላት። ከብጃት ነው።»

«ኧረ ይቀመጡ» ስል በሩን ከፍተው ወረዱ። መኪናዋ እየሄደች ነው የወረዱት፤ ይህን ልብ በሉ፣ እየሄደች። ገበያ አያደርሰኝም ባሉት ጉልበታቸው ቀድመውኝ ወጡ። እኔ እያፏጨሁ ዳገቱ አናት ስደርስ ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው፣ አላፊ አግዳሚውን «ልጄ እየመጣ ነው፣ መንገድ ስጡት» ይላሉ። አጠገባቸው ስቆም ከድንጋዩ ብድግ አሉና «እንኳን ደህና መጣህ» አሉኝ። እየቀለዱ አልነበረም።

ውጫሌ ሳንደርስ ተመለስን። መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ እንደ ልማዴ ሞተሩን አጥፍቼ በነፃ ወረድኩ። እኔ ናፍጣ የምቆጥብ ሰው ነኝ።

«ሙሄ ጋ ውሰዳት» አለችኝ ዘሃራ፣ ስገባ ፊቴን አይታ። ይህን ከሐምሌ ጀምሮ ስትለኝ ከርማለች። ሙሄ ከከተማው መውጫ ላይ ዛፍ ሥር ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ያልወሰድኳት ዝምተኛ ስለሆነ ነው፤ እኔ የሚያስረዳኝ ሐኪም ነው የምወደው። የሚያስረዱኝን ሁሉ ጨርሼ ሙሄ ጋ ሄድኩ።

የበሽታዋን ታሪክ ከነመንስኤው ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁት። ሙሄ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝና «ዘይት ይጨምራሉ?» አለኝ።

«አዎ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ።»

«መሬት ላይ ይፈሳል?»

«ጠብ አይልም።»

«ታዲያ የት ይሄዳል?»

እኔ ወንዝ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የመኪናዬ ዘይት የት እንደሚገባ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

አስነስቼ ነዳጅ እንድሰጣት በእጁ አመለከተኝ። አፏጨች። አስጠፋኝና እስክትቀዘቅዝ ሌላ ሥራውን ሠራ። ከዚያ አንድ ወፍራም የጎማ ቱቦ ፈታ፤ ውስጡን በጣቱ ጠርጎ ጣቱን አሳየኝ። በዘይት ተለውሷል። ከቱቦው ጀርባ የሰው ጭንቅላት የሚያህል፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት አለ፤ አፉ ውስጥ ትንሽ ማራገቢያ ይታያል። ሙሄ የማራገቢያዋን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ነቀነቃት። ቀጭ ቀጭ አለች።

«ይህቺ እንዲህ መወዛወዝ የለባትም። ስትዞር ግድግዳውን እየፋቀች ነው። ፉጨቱ እሱ ነው።»

«ምንድነው እሱ?»

«ቱርቦ።» ከዚያ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አደረገ። «ሞተር እንደኛው ይተነፍሳል፤ ዳገት ላይ ብዙ አየር ያስፈልገዋል። ቱርቦው በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ አየር ይገፋለታል። አሁን ደክሟል፣ አይገፋም። አየር ሲያንስ ናፍጣው በደንብ ሳይነድ ይወጣል፣ ጥቁሩ ጭስ እሱ ነው። ዘይቱንም ወደ ሞተሩ ያስገባል፣ ያ ሲነድ ሰማያዊ ይሆናል። ዘይትዎ የሚሄደው እዚያ ነው።»

ተማሪዬ ቢሆን ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር። ደስ ብሎኝ «ምን ገደለው ታዲያ?» አልኩት። እርጅና ይለኛል፣ ወይም የዘሃራ ወንድም አነዳድ ይለኛል ብዬ ነው። የዘሃራ ወንድም ቢሆን ደግሞ ለቤት የሚሆን ጥሩ ወሬ ይወጣው ነበር።

ሙሄ ወደ ቱርቦው ዘይት የምታደርስ ቀጭን ቱቦ ፈታና እፍ አለባት። ትንፋሽ አላሳለፈችም። ድንጋይ ላይ መታ መታ ሲያደርጋት የከሰል ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ወደቀ። «የተቃጠለ ዘይት ነው። መንገዱን ዘግቶታል፤ ቱርቦው ዘይት ተጠምቶ ነው የሞተው። መኪናዋን ሲያቆሙ እንዴት ነው የሚያጠፏት?»

እዚህ ላይ ደረቴን ነፋሁ። «እኔ ናፍጣ አላባክንም። ዳገት ጨርሼ ከመቆሜ በፊት ቁልፉን አዞራለሁ። ቁልቁለትም ላይ አጥፍቼ ነው የምወርደው።»

ሙሄ ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዓይኑን ጣለብኝ። «ቁልቁለት ላይ?»

«አዎ።»

«ፍሬኑስ?»

«ትንሽ ይጠነክራል።»

«አላህ ነው የጠበቀዎት» አለ፤ ወደ ቱቦው ተመለሰ። «ዳገት ስትወጣ ቱርቦው እሳት ይሆናል። ድንገት ሲያጠፏት ዘይቱ እዚያው ቆሞ ይቃጠላል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፣ እንዲህ ይዘጋል።»

እንግዲህ ተመልከቱ። ሁለት ወር ሙሉ ቺንጋውን ጠረጠርኩ፣ ፊልትሮውን ጠረጠርኩ፣ ማደያውን ጠረጠርኩ፣ አማቼን ጠረጠርኩ። ገዳዩ በየቀኑ በሽተኛዋን ይዞ ከሐኪም ሐኪም ይዞር የነበረው፣ ቁልፉን የጨበጠው ሰውዬ ኖሯል። ማታ ዘሃራ «ምን አላት?» ስትለኝ «ዕድሜ ነው አለኝ» አልኳት። «የማን?» አለችኝ።

በዓሉ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ሙሄ አሮጌውን ቱርቦ አውርዶ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሰጠኝና «ደሴ የፈረሱ መኪናዎች ዕቃ የሚሸጡ አሉ። አምሳያውን ያምጡ። ማራገቢያውን ነቅንቀው ይዩ፤ ቁጥሩንም ከዚህኛው ጋር ያስተያዩ» አለኝ። ከረጢቱን ታቅፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኬላ ላይ ፈታሹ ከረጢቱን በእግሩ ነካ አድርጎ «ይሄ ምንድነው?» አለኝ።

«ቱርቦ።»

«ምን ይሠራል?»

ይህን ጥያቄ መምህር አይጠየቅም። ሞተር እንደኛው ይተነፍሳል ብዬ ጀመርኩ። ዳገቱን፣ አየሩን፣ ጭሱን አስረዳሁት። ፈታሹ ገብቶት ጓደኛውን «ና ስማ» ብሎ ጠራው፤ ለጓደኛው ከመጀመሪያው ደገምኩለት። ሰማያዊው ጭስ ላይ ስደርስ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ቀንድ አውጣ ነው በላቸውና እንሂድበት» አሉ።

ደሴ ሻጩ መደርደሪያ ሙሉ ቱርቦ አሳየኝ። መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ፤ ቁጥር የሚባል ነገር አልታየኝም። አንዱን ነቀነቅኩት፣ ንቅንቅ አይልም። መልኩ ቁርጥ የኛው ነው። ይዤው ገስግሼ መጣሁ። ሙሄ በሁለት እጁ ተቀብሎ ከላይም ከታችም አገላብጦ አየው።

«ጥሩ ቱርቦ ነው» አለ። ደስ አለኝ። «የኛ ግን አይደለም። አፉ ወደ ግራ ነው። የኛ ወደ ቀኝ ነው የሚያየው።»

በማግሥቱ ሁለት ቱርቦ ታቅፌ እንደገና ሄድኩ፤ በዚህኛው ጊዜ መነጽሬን አድርጌ ነው። ኬላው ላይ ያው ፈታሽ ከረጢቶቹን አየ፣ እኔን አየ፣ አፌን ስከፍት አየ። «እለፉ፣ እለፉ» ብሎ ሚኒባሱን በእጁ ገፋው። ቁጥሩን እንደ ቁርዓን ሐርፍ በሐርፍ አስተያይቼ ትክክለኛውን ይዤ ተመለስኩ።

የቀሩትን ቀናት እትዬ አስካለ በርጩማቸውን ይዘው ጋራዡ ዋሉ። አይናገሩም፣ አይጨቀጭቁም፤ ዛፉ ሥር ተቀምጠው የሙሄን እጅ ያያሉ። አንድ የዛገ ቡሎን እምቢ ብሎ ግማሽ ቀን ሲያስለፋው ብቻ ቀስ ብለው «ይደርሳል ልጄ?» አሉት። «ኢንሻአላህ፣ አብሽሩ» አላቸው። ምሳው ሲደርስ አብረው በሉ፤ እኔም በላሁ። ሙሄ ቀጭኗን የዘይት ቱቦ በአዲስ ተካ፣ በዘይት የተለወሱትን ቱቦዎች አጠበ፣ በየመጋጠሚያው ያሉትን ጓርኒሲዮኖች ለወጠ፣ የሞተሩን ዘይት ከነፊልትሮው ቀየረ። ቱርቦውን ካሠረ በኋላ ግን ወዲያው አላስነሳም። ንጹሕ ዘይት በቀዳዳው ጠብ ጠብ እያደረገ፣ ማራገቢያውን በጣቱ ቀስ አድርጎ ያዞራል።

«ምን እያደረገ ነው?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«ደርቆ እንዳይነሳ እየቀባው ነው።»

«ክርስትና እያነሳው ነው በለኛ» አሉ።

ሙሄ ሰምቶ ፈገግ አለ። ሲስቅ ያን ቀን ነው ያየሁት። ከዚያ ናፍጣ እንዳይደርስ ዘግቶ ማስነሻውን ሞተሪኖ ብቻ ጥቂት ጊዜ አዞረ፤ ዘይቱ እንዲደርስ ነው። በመጨረሻ «ያስነሷት» አለኝ።

ተነሳች። ወዲያው ጋራዡን፣ ዛፉን፣ እትዬ አስካለን ከነበርጩማቸው የዋጠ ጭስ ወጣ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ። በዓሉ ከነገ ወዲያ ነው፤ እሳቸውን በጀርባዬ አዝዬ ስወጣ ታየኝ። ሙሄ አልተነቃነቀም። «ጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው ውስጥ የቀረ አሮጌ ዘይት ነው፣ ይቃጠልና ያልቃል» አለ። እውነትም ጥቂት ቆይቶ ጭሱ ሳሳ፤ ቀጥሎ ዛፉ ታየ፣ ቀጥሎ እትዬ አስካለ ታዩ፤ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው እንደተቀመጡ ናቸው። ፉጨት የለም።

ሙሄ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለና «መምህር፣ ከዳገት በኋላ ሲቆሙ ሦስት ደቂቃ በቦታዋ እንድትሠራ ይተዉአት፤ ከዚያ ያጥፉ። ቁልቁለት ላይ ቁልፉን አይንኩ» አለኝ። «በአላህ ይበሉኝ።» ማልኩለት።

በበዓሉ ዕለት ጎህ ሲቀድ ተነሳን። እትዬ አስካለ ከፊት፣ ትዕግስት ከኋላ። ያ ዳገት መጣ። አህዮቹ ያለፉን ቦታ ላይ ነዳጅ ሰጠኋት፤ ወደፊት ስትስበኝ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ሦስተኛ ማርሽ ነው፣ በሦስተኛ። ከፊቴ የነበረውን የጭነት መኪና ቀድሜው አለፍኩ። ዳገት ላይ ሰው ስቀድም በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ አስካለ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ዞር ስል እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በመስተዋቱ ሳይ ትዕግስትም ተኝታለች። ያየልኝ ሰው የለም። ለዚህ ነው ለእናንተ የምነግረው።

መኪና እስከሚደርስበት ደረስን። አውቶብሱ፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ፣ በእግሩ ወደ ተራራው የሚጎርፈው ሰው ለጉድ ነው። ቆምኩ፣ ግን አላጠፋሁም። እትዬ አስካለ ነቅተው በሩን ሲነኩ «ሦስት ደቂቃ ይታገሱኝ» አልኳቸውና አንገቴን ደፍቼ የእጅ ሰዓቴን ማየት ጀመርኩ። ትንሽ አዩኝ። ከዚያ እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው አንገታቸውን ደፉ። ትዕግስትም ደፋች። ሞተሩ ዝግ ብሎ ይሠራል።

ሰዓቱ ሲሞላ ቁልፉን አዞርኩ። እትዬ አስካለ ትከሻዬን ሳሙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ለኔ ስለት ይህን ያህል ዱዓ ታደርጋለህ ሰይዴ?» አሉኝ።

ለቱርቦው ደቂቃ እየቆጠርኩ ነበር ይባላል? «አሚን ይበሉ» አልኳቸው።

ልጃቸውን ተደግፈው፣ በየጥቂቱ እያረፉ ወጡ። እኔ ከሹፌሮቹ ጋር ስለ ቱርቦ ሳስረዳ ዋልኩ፤ ቀስ በቀስ አጠገቤ ያለው ሰው እየቀነሰ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሲወርዱ ከሩቅ አየኋቸው። ሲሄዱ እሳቸው ነበሩ ትዕግስትን የተደገፉት፤ ሲመለሱ ትዕግስት ትከሻቸው ላይ ራሷን ጥላ ታለቅሳለች፣ እሳቸው በአንድ እጅ ምርኩዝ በአንድ እጅ ልጃቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ይራመዳሉ። ከመጣች ጀምሮ አልቅሳ አታውቅም ነበር። መኪናው ጋ ሲደርሱ «እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«ነገርኳታ» አሉ። «መጣሁ፣ ልጅቷንም ይዣት መጣሁ፣ አልኳት።»

ከዚያ ከተራራው ካመጡት እምነት፣ ከተባረከው አፈር፣ ቆንጠር አድርገው ኮፈኗን ቀቧት። ሌላ ቀን ሙሄ ምልክቱን አይቶ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ጥቂት አስቦ «አይጎዳትም» አለ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን አንዴ ምያለሁ፤ ዳገት ሜዳ ብዬ አልለይም፣ በቆምኩበት ሁሉ ሦስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስም ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ሰፈሩ ይህን አይቶ በሦስተኛው ቀን ፍርድ ሰጠ፤ መምህር ሰይድ ከሚስቱ ተጣልቶ ቤቱ መግባት ፈርቷል። አንድ የሰፈር ሽማግሌ በሩን ከፍተው ከጎኔ ተቀመጡና «ምን ሆናችሁ ነው ልጄ?» አሉኝ። ቱርቦውን አስረዳኋቸው። በሐዘኔታ አዩኝ። በማግሥቱ ሁለት ሆነው መጡ።

ዘሃራ በበኩሏ በስልክ የማወራት ሴት እንዳለች ጠርጥራለች። አንድ ቀን ስቆም ጠብቃ ወጣችና ከጎኔ ገብታ ተቀመጠች።

«ከማን ጋር ነው?»

«ከቱርቦው ጋር» አልኳት፤ አጠፋፌ እንደገደለውም ያን ቀን ተናዘዝኩ።

«አውቄ ነበር» አለችና አልወረደችም። «ሽማግሌዎቹ እኔም ጋ መጥተው ነበር። ተስማምተዋል፤ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ካሳ ቀሚስ ትገዛልኛለህ።»

«ምን ብለሽ ነግረሻቸው?»

«ምንም። ዝም አልኩ።»

ቀሚሱን ገዛሁ። ያልተጣላነው ጠብ በሰላም ታረቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ዘሃራ የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ ያለችበትን ትታ ወጥታ ከጎኔ ትቀመጣለች። መስኮቱን እንዘጋለን። እንግዳ የለም፣ ምድጃ የለም፣ የሚታረም የፈተና ወረቀት የለም። የቀኑን ታወራኛለች፣ አወራታለሁ፤ አንዳንዴም ዝም ብለን መንገደኛውን እናያለን። በሃያ ዓመት ትዳራችን ሥራ ሳንይዝ ጎን ለጎን መቀመጥ የጀመርነው አሁን ነው።

ባለፈው ሳምንት ሙሄ በሰፈራችን ሲያልፍ አየንና ቆመ። እኔ ብቻዬን እስክወርድ ጠብቆ «መምህር፣ ከትምህርት ቤት እዚህ ድረስ እኮ ሜዳ ነው፤ መንገዱም አጭር ነው። ለዚህ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ወዲያው ቢያጠፏትም ችግር የለውም» አለኝ።

«ለሌላ ሰው ተናግረሃል?» አልኩት።

«አልተናገርኩም።»

«እንደሱ ይሁን።»

በማግሥቱ ደጃፌ ላይ ስቆም ዘሃራ እጇን በነጠላዋ እያደራረቀች ወጥታ ገባች። ብዙ የምታወራው ነገር እንዳላት ከአቀማመጧ ያስታውቃል። «ስንት ደቂቃ ነው ያለን?» አለችኝ።

«ሙሄ ዛሬ አምስት አድርጎታል» አልኳት።